መልስ፦ በሱኮት መካከለኛ ቀናት ሥራ መግባትና ቤት መቀባት

በሱኮት (በአይሁድ የዳስ በዓል) መካከለኛ ቀናት፣ ማለትም በሖል ሃሞኤድ፣ ሥራ መግባትና ቤት መቀባት ይፈቀዳል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አሠሪህ ፈቃድ ከልክሎህ፣ ብትቀር የምትባረር ከሆነ ግባ። የአይሁድ ሕግ እንዲህ ያለውን «ዳቫር ሃአቬድ» ይለዋል፤ ካልተሠራ ኪሳራ የሚያመጣ ነገር ማለት ነው። እንጀራን ማጣት ደግሞ ኪሳራ ነው። የዓመት ፈቃድ ከቀረህ ግን መጀመሪያ እሱን ተጠቀምበት።

ቤት መቀባቱን ተወው፤ በዓሉ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ቤቱን ቢያጥለቀልቀው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያኔውኑ አስጠግን። ለበዓሉ ምግብ ማብሰልማ ማን ይከለክልሃል?

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። «በሖል ሃሞኤድ እረፍት ስለሆንኩ ያኔ እሠራዋለሁ» ብለህ ሥራ አታቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሆን ተብሎ ለእነዚህ ቀናት እንዲቆይ የተደረገ ሥራ፣ ኪሳራ ቢኖረውም አይፈቀድም። ፀጉር መቆረጥና ልብስ ማጠብም የተከለከሉት ሰው ለበዓሉ ቀድሞ እንዲዘጋጅ ነው። እስራኤል ውስጥ የሱኮት መካከለኛ ቀናት 6 ናቸው፤ ንጹህ ልብስ በበቂ አዘጋጅ።