ቀለጠ ወይስ ፈረሰ? ስለ ሙቀት ልኬት የመጡ ጥያቄዎች

የዛሬው ርዕስ አንድ ነው፤ አንድ ነገር ሲሞቅ የሚቀልጥበትን ወይም የሚፈራርስበትን ሙቀት እንዴት እንለካለን? ላቦራቶሪ ውስጥ የምወደው ሥራ ስለሆነ በደስታ እመልሳለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፣ የኬሚስትሪ መምህር፦ ቴርሞሜትራችንን ልንፈትሽ ውሃ አፈላን። 92 ላይ ቆሞ ቀረ። ተበላሽቷል ማለት ነው?

ኧረ እንዳይጥሉት! ቴርሞሜትሩ ደህና ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ 92 ትክክል ነው። ባሕር ዳር ቢወስዱት፣ ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ 94 ያነባል።

መፍላት የአየር ግፊትን ይከተላል። መቅለጥን ግን ከፍታ የሚነካው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው። ለፍተሻ በረዶ የሚሻለው ለዚህ ነው። የተፈጨ በረዶ ከንጹሕ ውሃ ጋር ደባልቀው ቴርሞሜትሩን ይክተቱበት። ደጋም ሆነ ቆላ፣ 0 ማንበብ አለበት። ከፍ ያለ ነጥብ ከፈለጉ ደግሞ ንጹሕ ቤንዞይክ አሲድ 122 ላይ ይቀልጣል።

ከባሕር ዳር፣ የፋርማሲ ተማሪ፦ ላብ ውስጥ የሠራሁት ፓራሲታሞል 161 ላይ መቅለጥ ጀምሮ 167 ላይ ጨረሰ። መጽሐፉ 169 ይላል። ምን ሆኖ ነው?

ምልክቱን በደንብ ይዘሻል። ንጹሕ ነገር በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ውስጥ ቀልጦ ያልቃል። ያንቺ ዝቅ ብሎ ጀመረ፣ ስድስት ዲግሪም ፈጀ። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርጥበት ወይም ባዕድ ነገር ነው። በደንብ አድርቂውና ድገሚው። ካልተስተካከለ እንደገና ከሙቅ ውሃ ክሪስታል አድርጊው።

ካፒላሪ ቱቦው (ዱቄቱ የሚለካበት በጣም ቀጭን የመስታወት ቱቦ) ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በላይ ዱቄት አትጨምሪ። እስከ 150 ድረስ ቶሎ መውጣት ትችያለሽ። ከዚያ በኋላ በደቂቃ ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ብቻ። ዓይንሽን አትንቀዪ። ዱቄቱ መጀመሪያ ከመስታወቱ ግድግዳ ይሸሻል፤ እሱ ገና መቅለጥ አይደለም። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትታይ አንድ ቁጥር ጻፊ። የመጨረሻዋ ክሪስታል ጠፍታ ጥርት ሲል ሁለተኛውን ጻፊ። አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ግማሹን መረጃ ጥሎ ነው የመጣው። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ፓራሲታሞል መሆኑን ከተጠራጠርሽ ከታወቀ ንጹሕ ፓራሲታሞል ጋር እኩል ፈጭተሽ ደባልቂና ለኪው። መቅለጫው ካልወረደ ያው ነው። ከወረደ ሌላ ነገር ነው።

ከፍኖተ ሰላም፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ የስኳር መቅለጫ አንዱ 160፣ ሌላው 186 ይላል። የቱን ልመን?

ስኳር እየቀለጠ ይፈራርሳል። ቡኒ ሲሆን፣ ሲሸት፣ አረፋ ሲያወጣ ስኳርነቱን እየለቀቀ ነው። ቀስ ብለህ ካሞቅከው ዝቅ ባለ ሙቀት ይጀምራል፣ ፈጠን ካልክ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማሞቂያው ፍጥነት ጋር ጻፈው።

ከቡሬ፣ ሰም ነጋዴ፦ ለጧፍ የሚገዙን ሰዎች ሰሙ ሞራ ወይም ፓራፊን ገብቶበታል ብለው ይጠረጥራሉ። በሙቀት ማወቅ ይቻላል?

በከፊል አዎ። ንጹሕ የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል። የቀለጠ ሰም ወደ ቀጭን ቱቦ ያስገቡ፤ አንድ ቀን ይደር። ቱቦውን ከቴርሞሜትሩ ጋር በክር አስረው ውሃ ውስጥ ይክተቱና ውሃውን እያማሰሉ ቀስ ብለው ያሙቁ። ሰሙ ጥርት የሚልበትን ሙቀት ይመዝግቡ። የከብት ሞራ ከ50 በታች ስለሚቀልጥ ብዙ ከገባበት ቁጥሩ ይወርዳል።

ፓራፊን ግን ያስቸግራል። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ከንብ ሰም እኩል የሚቀልጥም አለው። ቁጥሩ ከወረደ ሰሙን ይጠርጥሩ። ካልወረደ ግን «ንጹሕ ነው» ብለው አይማሉ፤ የኬሚካል ምርመራ ያስፈልገዋል። ደግሞ ሰምን በቀጥታ እሳት ላይ አያቅልጡ፣ ይቀጣጠላል።

ከደጀን፦ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል አይቀልጥም። ታዲያ መፈራረሱ በምን ይለካል?

በሚዛን! ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ወደ 900 ዲግሪ ሲደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ኖራው ይቀራል። ከ100 ግራም ንጹሕ ድንጋይ 56 ግራም ኖራ ይገኛል። ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ያለው ጂፕሰም (ጀሶ የሚሠራበት ድንጋይ) ደግሞ የያዘውን ውሃ ሁሉ ሲያጣ ከክብደቱ 21 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቴርሞግራቪሜትሪ የሚባለው መሣሪያ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ እያሞቀ ይመዝናል፣ ክብደቱ በስንት ዲግሪ እንደቀነሰ በግራፍ ያሳያል።

መሣሪያው ለሌለው ትምህርት ቤት ቤኪንግ ሶዳ አለ። 8.4 ግራም መዝናችሁ ምድጃ ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ቀዝቅዞ ሲመዘን 5.3 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ገና ከከበደ መልሳችሁ አሙቁት፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ።

ከእንጅባራ፦ ዩሪያ ማዳበሪያንስ ቤት ውስጥ መለካት እንችላለን?

133 ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ አልፎ ሲሞቅ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ አይሆንም፤ ጭስ ማውጫ ያለው ላብ ይፈልጉ። አሞኒየም ናይትሬት የሚባለውን ማዳበሪያ ደግሞ የትም ቦታ እንዳታሞቁት፤ ሊፈነዳ ይችላል።