ስለ ቪንሰን ማሲፍ ጠይቁ፣ መምህር ይመልሳሉ

መምህር፦ ዛሬ ርዕሳችን የአንታርክቲካው ቪንሰን ማሲፍ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ማሲፉ ብዙ ጫፎች ያሉት ግዙፍ የተራራ ስብስብ ነው። ቪንሰን ተራራ ደግሞ ከፍተኛው ጫፉ። አታደባልቁብኝ።

ሰናይት፦ ከፍታው 4,897 ሜትር ነው አይደል?

መምህር፦ የድሮ ቁጥር ነው። በ2004 በጂፒኤስ ሲለካ 4,892 ሆኗል።

ያሬድ፦ መምህር፣ ከአንዲስ ተራሮች ጋር ዝምድና አለው?

መምህር፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው! የለውም። የአንዲስ ዘመድ የአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ነው። ቪንሰን ያለበት የኤልስዎርዝ ተራሮች ግን ለአካባቢው እንግዳ ናቸው። የቆሙበት የምድር ቅርፊት ቁራጭ፣ ጎንድዋና የሚባለው ጥንታዊ ግዙፍ አህጉር ሳይበጣጠስ በፊት፣ ከደቡብ አፍሪካ አጠገብ ነበር። ከዚያ ተገንጥሎ 90 ዲግሪ ያህል ዞሮ እዚህ ደረሰ። በምን ይታወቃል? የድንጋዩ እጥፋት አቅጣጫ ከጎረቤቶቹ ጋር አይገጥምም። ድንጋዩ ውስጥ የቀረው ጥንታዊ የመግነጢስ አቅጣጫም እንደዞረ ይመሰክራል። ወደ ነበረበት ብትመልሱት ከደቡብ አፍሪካ የኬፕ ተራሮች ጋር ይሰለፋል። በእነዚሁ የኤልስዎርዝ ተራሮች በደቡብ በኩል ባለው ሄሪቴጅ የተራራ ሰንሰለት ደግሞ የባሕር እንስሳ የነበረው ትሪሎባይት ቅሪት ተገኝቷል።

የምታዩት ቁመትም ግማሽ ታሪክ ነው። በምሥራቅ ግርጌ ራትፎርድ የሚባል የበረዶ ጅረት በቀን አንድ ሜትር ያህል ይጓዛል። በ2019 ተመራማሪዎች በሙቅ ውሃ ቦርቡረው ታቹ ለመድረስ 2,152 ሜትር ወርደዋል። ከበረዶው ሥር ያለው ወለል ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ የተራራው ግርጌ እዚያ ድረስ ተቀብሯል።

ሙሉጌታ፦ ብርዱስ እንዴት ነው?

መምህር፦ የት? መቼ? በበጋቸው እንኳ ላይኛው ክፍል ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል።

ብሩክ፦ መሬቱ የቺሌ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ሊዲያ፦ የእንግሊዝ ነው እንጂ!

ብሩክ፦ ካርታውን እዪው። የእንግሊዝ የይገባኛል ጥያቄ 80 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያበቃል፤ ቪንሰን ከ85 ያልፋል።

ሊዲያ፦ ቺሌስ ማን ሰጣት?

መምህር፦ ኧረ ተዉ! ብሩክ በካርታው ልክ ነው። ግን በ1959 የተፈረመው የአንታርክቲካ ውል የይገባኛል ጥያቄዎችን ሁሉ ባሉበት አግዷቸዋል። ይብቃችሁ።

ዳዊት፦ 4,897 ሜትሩ የማሲፉ ነው የጫፉ?

መምህር፦ ከላይ አንብብ ወንድሜ።

ራሄል፦ ታይሪ የሚባለው ተራራስ የማሲፉ አካል ነው?

መምህር፦ አይደለም። ቪንሰን ባለበት በሴንቲኔል የተራራ ሰንሰለት ቢሆንም ለብቻው ነው። 4,852 ሜትር፣ በአህጉሩ ሁለተኛ።

ሙሉጌታ፦ ለመውጣት ምን ዓይነት ጫማ ይሻላል?

መምህር፦ ወጣቾችን ጠይቅ። በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት አሜሪካውያን መሆናቸውን ነው እኔ የምነግርህ።

ያሬድ፦ ያ የምድር ቅርፊት ቁራጭ የተገነጠለው መቼ ነው?

መምህር፦ ዳይኖሰሮች በነበሩበት በጁራሲክ ዘመን፣ ጎንድዋና መሰንጠቅ ሲጀምር።