ጀርባዋ ያልተነፈሰ ሥዕል

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ዳር ባለች ትንሽ የካቶሊክ ጸሎት ቤት ውስጥ በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለች እመቤታችን አለች። ክረምቱ ሲወጣ ታችኛው ጠርዟ ነጭ ሻጋታ አወጣ፣ ፊቷም ጠቁሯል። በሎሚ ወይም በሽንኩርት ይጠረግ ይላሉ። እጆቿን አመሳቅላ መሐረብ ስለያዘች ደግሞ «የሐበሻ ሥዕል ናት» የሚሉ አሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሎሚውንም ሽንኩርቱንም ለማዕድ ቤት ተዉት። የሎሚ አሲድ የመጎናጸፊያዋን ሰማያዊ ሊያነጣው ይችላል፤ የሽንኩርት ጭማቂ ሻጋታውን ይቀልባል። ርጥብ ጨርቅም አይሆንም፤ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን ሙጫና ጄሶ ሲያሳብጠው ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሣል።

ጥፋቱ ያለው ከግድግዳው ላይ ነው። በአገራችን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ ያለው ከግድግዳ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ በመሆኑ ሥዕልን አጣብቆ መስቀል ለምደናል። በእንጨት የተወጠረ ሸራ ግን ጀርባው ነፋስ ይፈልጋል። የሱሉልታን ሐምሌና ነሐሴ ታውቁታላችሁ፦ የውጭው ግድግዳ ይቀዘቅዛል፣ የምእመናኑ ትንፋሽ ከሸራው ኋላ ጤዛ ይሆናል።

አውርዳችሁ፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ አንሶላ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አስተኟት። ባትሪ ከጎን አብሩ፤ የተነሣ ቀለም ካለ ጥላ ይጥላል። ካያችሁ ብሩሽ እንኳ አታስነኳት፣ ለባለሙያ ስጡ። ካላያችሁ ነፋሻና ጥላ ክፍል ውስጥ ለሳምንት ያህል ትድረቅ። ፀሐይ ላይ አይሆንም፤ ሸራው ድንገት ሲኮማተር ቀለሙ ይሰነጠቃል። ሻጋታው ዱቄት ሲሆን ማስክ አድርጋችሁ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አራግፉት። ርጥብ ሳለ ከተነካ ይለቀለቃል እንጂ አይወጣም።

ፊቷን አትንኩ። የሻማ ጥቀርሻ ቅባት ስላለው ሲፈተግ ስንጥቁ ውስጥ ይሰገሰጋል፤ ያረጀ ቫርኒሽ ከሆነ ደግሞ የሚያነሣው ባለሙያ ብቻ ነው።

ስትመልሷት በውስጠኛው ግድግዳ ስቀሏት። ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቡሽ ለጥፉ። ሻማውም ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራቅ።

«የሐበሻ ናት» የሚሉት ጨርሰው አልተሳሳቱም። በ1569 እ.ኤ.አ. ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ካህናት ማኅበር አባላት) በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ ያለችውን ጥንታዊት የማርያም ሥዕል ለማስገልበጥ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ፈቃድ አገኙ፤ ቅጂዎቹም እስከ ኢትዮጵያ ደረሱ። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች የተመሳቀሉትን እጆችና መሐረቡን የወሰዱት ከዚያ ነው። የእናንተዋም ሕፃኑን በግራ ክንዷ ይዛ፣ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ወደ ታች ከዘረጋች የሮሟ ዘር ናት።