የወንድሜ ክኒኖችና የአሜሪካው ሕግ

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ በአሜሪካ ጦር አገልግሎ ከተሰናበተ በኋላ ወደ ጎንደር ተመልሶ አዘዞ ከእኛ ጋር ይኖራል። ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀትና ለወገብ ሕመም አራት ዓይነት ክኒን ይወስዳል። ራሳቸውን ያጠፉ የቀድሞ ወታደሮች ምን መድኃኒት ታዞላቸው እንደነበር የሚያስመረምር ሕግ እዚያ መቅረቡን ከሰማን ወዲህ እናታችን ክኒኖቹን ደብቀውበታል። ትክክል ናቸው?

መልስ፦ ክኒኖቹን እናትዎ መያዛቸው ሌላ፣ መከልከላቸው ሌላ ነው። ወንድምዎ ከተስማማ እሳቸው ዘንድ ተቀምጠው የየዕለቱን ቢሰጡት መልካም ነው፤ ነገር ግን እንደ ዲያዚፓም (ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚታዘዝ ማረጋጊያ) ያሉ ለረጅም ጊዜ የተወሰዱ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ያለ ሐኪም ምክር አንዱም አይቋረጥ።

ሴናተር ጆን ማኬይን እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረቡት ረቂቅ መድኃኒትን ጥፋተኛ ብሎ አልፈረደም። የጠየቀው ገለልተኛ ምሁራን በአምስት ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉትን ብቻ ሳይሆን በአደጋና በኃይል ድርጊት የሞቱትንም ታካሚ የቀድሞ ወታደሮች መዝገብ እንዲያዩ ነው፤ ስንት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይወስዱ ነበር፣ በጥቁር ክፈፍ የታተመ ከባድ ማስጠንቀቂያ ያለውስ የትኛው ነው፣ ከክኒን በፊት ሌላ ሕክምና ተሞክሮ ነበር ወይ? በእኛ አስተያየት ዋናው ጥያቄ የመጨረሻው ነው።

የመድኃኒት መደራረብ ለምን እንደሚያሰጋ የጄሰን ሲምካኮስኪ ታሪክ ያሳያል። የ35 ዓመቱ የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር እ.ኤ.አ. በ2014 በዊስኮንሲን፣ ቶማ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም የሞተው ራሱን አጥፍቶ ሳይሆን የታዘዙለት መድኃኒቶች ተደራርበው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በስሙ የጸደቀው ሕግ ኃይለኛ የሆኑ የሕመም ማስታገሻዎችን አስተዛዘዝ አጠበቀ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም እነዚህን ማስታገሻዎች ከዲያዚፓም ቤተሰብ ጋር አብሮ መውሰድ ትንፋሽን እስከ ሞት ሊያዳክም እንደሚችል አስጠነቀቀ።

ስለዚህ ከአሜሪካ የመጡትን ጠርሙሶች፣ ባዶዎቹንም ጭምር፣ እዚህ ከፋርማሲ ለወገቡ የገዛው ትራማዶል (እሱም ከኃይለኞቹ ማስታገሻዎች ወገን ነው) ካለም እሱን ጨምረው፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ። ሐኪሙ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት፤ በቃል ሲነገር አንዱ መረሳቱ አይቀርም። ጸበል መጠመቁንም ክኒኑን ሳያቋርጥ ሊቀጥል ይችላል።

ወንድምዎን ለብቻው ሲሆን «ራስህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም። አሁንም አለብኝ ካለ ለደቂቃም ብቻውን ሳትተዉት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።