ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት ምን ላጣራ?

ጥያቄ፦ ጎንደር አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ በነርስነት ሥራ ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወራት ነው። ስንማር የነርሲንግ ፕሮሰስን አምስት ደረጃዎች (ምዘና፣ ዲያግኖሲስ፣ እቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማ) ለብቻ፣ መድኃኒት ስንሰጥ የምናረጋግጣቸውን አምስት «ትክክለኛ» ነገሮች ደግሞ ለብቻ ተምረናል። ሥራ ላይ ግን የመድኃኒት ሰዓት ሲደርስ ከየአልጋው ይጠሩኛል፤ ፕሮሰሱም ቅጽ መሙያ ብቻ ሆኖብኛል። ሁለቱን እንዴት ላገናኝ? የሐኪም ትእዛዝ ግልጽ ሳይሆንልኝ ሲቀርስ እንዴት ልጠይቅ?

መልስ፦ ውድ ሲስተር፣ አምስቱ ትክክለኛዎች (በሽተኛው፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ የሚሰጥበት መንገድ፣ ሰዓቱ) በእጅዎ የያዙት ከታዘዘው ጋር መግጠሙን ያረጋግጡልዎታል። ታካሚዋ አሁን ያንን መድኃኒት መቀበል ትችላለች ወይ ለሚለው ግን መልስ የላቸውም። ትእዛዙ የተጻፈው ከሰዓታት በፊት፣ ምናልባትም ትናንት ነው። አሁን አጠገቧ ያሉት እርስዎ ነዎት። ነርሲንግ ፕሮሰስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ማግኒዚየም ሰልፌትን እንውሰድ። ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት) ላለባት ወይም አንቀጥቅጧት ለመጣች እናት የመጀመሪያው ዶዝ 4 ግራም በደም ሥር ነው። ያለዎት 50 በመቶው ከሆነ 8 ሲሲ ይቀዱና 12 ሲሲ የመርፌ ውኃ ይጨምሩበታል፤ 20 ሲሲ ባለ 20 በመቶ ይሆናል። ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ በዝግታ ይሰጣል። ቀጥሎ 10 ግራም በጡንቻ ነው፦ በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም፣ ማለትም ከ50 በመቶው 10 ሲሲ፣ 1 ሲሲ 2 በመቶ ሊዶካይን ታክሎበት። ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም መቀመጫ እያፈራረቁ ይቀጥላል። አምፑሉን ሳያነቡ አይስበሩ። ባለ 2 ሲሲው 1 ግራም፣ ባለ 10 ሲሲው 5 ግራም ይይዛል።

ይህ ሁሉ በትክክል ተሠርቶም እናቲቱ ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል። ማግኒዚየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሽንት ሲቀንስ ይጠራቀማል። መጀመሪያ የጉልበት ሪፍሌክስ (ጉልበት ሥር ሲመታ እግር የሚወረወርበት) ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይዳከማል፣ መጨረሻ ልብ ይቆማል። ስለዚህ ቀጣዩን ዶዝ ከመቅዳትዎ በፊት ይመዝኑ (የመጀመሪያው ደረጃ ይህ ነው)፦ ትንፋሿን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥረው 16 ወይም ከዚያ በላይ፣ ሪፍሌክሷ ያለ፣ ሽንቷ ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ቢያንስ 30 ሲሲ፣ በድምሩ 120 ሲሲ ሊሆን ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዶዙን ያቆዩና ሐኪሙን ይጥሩ። የነርሲንግ ዲያግኖሲሱን ረጅም አያድርጉት፤ «በማግኒዚየም መጠራቀም ምክንያት የትንፋሽ መዳከም ስጋት» ብለው ይጻፉ። ይህ ስጋት ከተጻፈ እቅዱ ራሱ ይመጣል፦ የማግኒዚየም ማርከሻ የሆነው 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሲሲ፣ ሲሪንጅና አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ) ከአልጋዋ አጠገብ። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ ቁልፉ የሌላ ተረኛ ኪስ ውስጥ ያለ ካልሲየም እንደሌለ ይቆጠራል። ትንፋሿ ከቆመ ማግኒዚየሙን ያቁሙ፣ በአምቡ ባግ ያስተንፍሱ፣ ካልሲየም ግሉኮኔቱን 1 ግራም (10 ሲሲውን) በዝግታ በደም ሥር ይስጡ። ከሰጡ በኋላ ተመልሰው ትንፋሽና ሪፍሌክስ ሲያዩ አምስተኛው ደረጃ፣ ግምገማው፣ ተሠራ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው።

መጠን ላይ ስሕተት በብዛት የሚመጣው ከአምፑሉ ነው። 12 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ጄንታማይሲን በኪሎ 7.5 ሚሊግራም ከታዘዘ 90 ሚሊግራም ነው። 80 ሚሊግራም በ2 ሲሲ ከያዘው አምፑል 2.25 ሲሲ ይቀዳሉ። ለሕፃናት የሚመጣው ግን በዚያው 2 ሲሲ 20 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ከእሱ 9 ሲሲ ያስፈልጋል። ሁለቱን ያምታታ ሰው አራት እጥፍ ይሰጣል ወይም ሩቡን ብቻ ይሰጣል። ስሌትዎ ለአንድ ሕፃን ከሁለት አምፑል በላይ ካስሰበረዎት ቆም ብለው ሌላ ሰው ለብቻው እንዲያሰላው ያድርጉ። ክብደቱ የተመዘነ እንጂ የተገመተ መሆን የለበትም።

በእኛ አካባቢ ክብደት ይበልጥ የሚያሳስበው በካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ነው። ከመተማና ከሑመራ እርሻ የተመለሱ ወጣቶች ከስተው፣ ጣፊያቸው አብጦ ይመጣሉ፤ በግምት ከተሄደ መጠኑ ይዛባል። በተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በኪሎ 20 ሚሊግራም፣ ፓሮሞማይሲን በኪሎ 15 ሚሊግራም፣ በየቀኑ ለ17 ቀን ይሰጣል። ስቲቦግሉኮኔቱ በአንድ ሲሲ 100 ሚሊግራም ስለሚይዝ 50 ኪሎ ለሆነ ሰው 10 ሲሲ ነው። በጡንቻ ከሆነ ለሁለት ቦታ ይከፈላል። ስቲቦግሉኮኔት ቆሽትንና ልብን ስለሚጎዳ በየቀኑ ከመርፌው በፊት ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም ወይም የልብ ምት መዛባት መኖሩን ይጠይቁ። «ጨጓራዬ ነው» የሚል መልስ ካገኙም ዶዙን ከመስጠትዎ በፊት ለሐኪሙ ያሳውቁ። ፓሮሞማይሲን ጆሮ ሊጎዳ ስለሚችል ስለ መስማታቸውም ይጠይቁ። የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቱ ካርዱ ላይ መኖሩን ይዩ፤ ቫይረሱ ባለበት ታካሚ ስቲቦግሉኮኔት አደገኛ ስለሆነ የሚመረጠው ሕክምና ሌላ ነው።

ማንነት ላይ፣ በአንድ ክፍል ሁለት አበባው ወይም ሁለት ጥሩነሽ ቢተኙ ብርቅ አይደለም። «ጥሩነሽ ነዎት?» ካሏቸው የደከመ ሰው «አዎ» ይላል። «ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ» ይበሉና ከካርድ ቁጥሩ ጋር ያስተያዩ። ትእዛዙ ላይ «8» ብቻ ካለ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው ወይስ ቀን 8 ሰዓት? መካከሉ 6 ሰዓት ነው። መስጫ ቅጹ ላይ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት ብለው ይጨምሩበት። የመድኃኒቱ ማብቂያ የተጻፈው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። 06/2025 የሚለው በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2017 ያበቃል፤ በእኛ ዓመት ያነበበው ሰው ገና ብዙ ጊዜ ያለው ይመስለዋል።

ከምዘናው ጾምን አይርሱ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ የስኳር ታካሚ ጠዋት ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ (የስኳር ክኒን) ወስደው ቢቆዩ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። «አሁን ይበላሉ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ የመድኃኒት ጥያቄ ነው። አይበሉም ካሉዎት መርፌውን ወይም ክኒኑን ሳይሰጡ ለሐኪሙ ይንገሩ። ክኒን ለአስታማሚ ሰጥተው «ሲነቁ ይውሰዱ» ማለትም ይቅር፤ ሲዋጥ ያላዩትን አይፈርሙ። ሴፍትሪያክሶንን ከሪንገር ላክቴት ጋር አይቀላቅሉ፤ በሊዶካይን የተበጠበጠውን ደግሞ ከጡንቻ በቀር የትም አይስጡ። አንቲባዮቲክ መርፌ ከወጉ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ታካሚው ከዓይንዎ አይራቅ። ከባድ ሪአክሽን (አለርጂ) ከመጣ ለአዋቂ 0.5 ሲሲ አድሬናሊን፣ ከአምፑሉ ሳይበረዝ፣ በጭን ጡንቻ በውጭ በኩል ይሰጣል፤ ካልተሻለው በ5 ደቂቃ ይደገማል።

ሐኪም መጠየቅን በተመለከተ፣ ጥያቄዎ በተጨባጭ ነገር ላይ ሲቆም መልስ ያገኛል። «ዶክተር፣ አልጋ 4 ላይ ያሉት እናት ትንፋሻቸው 12 ነው፣ ሪፍሌክስ የለም፣ የማታ 2 ሰዓቱን ማግኒዚየም አቆይቻለሁ፤ መጥተው ይዩልኝ» ይበሉ። ጽሑፉ ካልተነበበ ገምቶ መስጠት የለም። በስልክ የታዘዘውን እዚያው ጽፈው መልሰው ያንብቡ፣ ቁጥሩንም «አሥራ አምስት፣ አንድ አምስት» እያሉ ይድገሙት። 0.5 ሲጽፉ ፊት ለፊቱ ዜሮ ይኑር፤ ለ5 ግን ነጥብና ዜሮ አይጨምሩ። ዩኒት የሚለውን በሙሉ ይጻፉ፤ በአንድ የላቲን ፊደል ሲያሳጥሩት ዜሮ ይመስልና 4 ዩኒት ኢንሱሊን 40 ሆኖ ይነበባል። ሐኪሙ ቢቆጣም ዶዙ እስኪጣራ ይቆይ። የሚቆጣ ሐኪም ጥፋቱ የራሱ ነው።

ፊርማ ከሰጡ በኋላ ነው፣ ያልተሰጠውም ከነምክንያቱ ይጻፋል። በተለይ ያችን እናት ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሲልኳት የሪፈር ወረቀቱ ላይ ስንት ግራም ማግኒዚየም፣ በየትኛው መንገድ፣ ጠዋት ወይም ማታ በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ የመጨረሻው ትንፋሽ፣ ሪፍሌክስና ሽንት ስንት እንደነበረ ይጻፉ። እሱ ካልተጻፈ የሚቀበላት ባለሙያ ምንም እንዳልወሰደች ቆጥሮ 4 ግራሙንና 10 ግራሙን እንደገና ሊጀምርባት ይችላል።