ቤት ውስጥ ባልትና ለምትሠራው የኮምቦልቻ እህታችን

«ቤት ሆኜ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ፤ ግን እንግዳውም ልጁም ሲጠራኝ ይመሻል፣ ትእዛዙ ይከመራል፤ እናንተ እንዴት ትችሉታላችሁ?» ላልሽው ነው። አብሽሪ የኔ እህት፣ እኔም ደሴ ላይ ይህንኑ ሥራ ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ወንድማችን «በርሽን ዝጊና ሥሪ» ብሎሻል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይሠራ ይሆናል። ወሎ ላይ በሩን የዘጋ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል ነው የሚባለው፤ ብትዘጊው ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቅሽ ይመጣል። ደግሞስ የመጀመሪያ ደንበኞችሽ እነዚያው ቡና ጠጪዎች አይደሉም እንዴ?

እኔን የጠቀመኝ ሥራውን «ሰው ሲመጣ ይቋረጣል ወይስ አይቋረጥም» ብዬ መለየቴ ነው። በርበሬ መቀንጠስ፣ ሽምብራ መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ እየተጨዋወቱ የሚሠሩ ናቸው። እንዲያውም ሰፌዱን መሀል ላይ ካስቀመጥሽው ከአቦል እስከ በረካ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ጎረቤት የለም። የቡና ቁርሱን አንቺ ቻይ፣ በዓል ሲደርስም ሽሮ ቋጥረሽ ስጫቸው፤ ጉልበታቸውን በነፃ አትልመጂ።

ማመስ ግን ሌላ ነው። ምጣድ ላይ ያለ ሽምብራ ለሰላምታ ዞር ስትይ ያርራል፣ ያረረው ጥቂቱ ደግሞ ሽሮውን በሙሉ መራራ ያደርገዋል። ቅመም መመጠን፣ መመዘን፣ ሂሳብ መጻፍም እንደዚሁ፤ ወሬ መሀል ኮረሪማው ሁለቴ ይገባል። እነዚህን ሰው በማይመጣበት ሰዓት ሥሪያቸው። የኔው ሰዓት ከሱብሂ አዛን ጀምሮ ልጆች ለትምህርት ቤት እስኪነሱ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ የማይቋረጥ ሥራ አልጀምርም።

ቡናውን ደግሞ ራስሽ ጥሪ። ይህን ስላቸው ብዙዎች ይስቃሉ። ግን «ዘጠኝ ሰዓት እኔ ቤት ነው» ብለሽ ካስለመድሽ እዚህም እዚያም እየተጠራሽ ሦስት ቤት አትዞሪም። ረመዳን ሲገባ የቀኑ ቡና ወደ ማታ ስለሚዞር ቀኑ ሰፊ ይሆናል፤ ብዙውን ሥራ ያኔ ግፊው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ሲገቡ ሽሮ ፈላጊው በዛ፣ ቀኑም ጭር አለ። እንደዚያ ያለ የሥራ ወቅት አይቼ አላውቅም።

ፀሐይን በተመለከተ አንቺ ታድለሻል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ጭጋጓን ስትለብስ የተደለዘ በርበሬ ማድረቅ ጭንቅ ነው፤ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች። ቢሆንም ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ በርበሬ አትደልዢ፤ ይሻግትብሻል። የክረምቱን ቀድመሽ አድርቀሽ አስቀምጪ፣ በክረምት ማስፈጨትና ማሸግ ብቻ ይቅርሽ።

መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱም ስለሚቆም ሳትደውይ ኩንታል ተሸክመሽ አትውጪ። ለዚያ ቀን ብዬ ሆን ብዬ የማቆየው ሥራ አለኝ፦ ፌስታል ማዘጋጀት፣ ስምና ቀን መጻፍ፣ ማሸግ።

ስልክ ከጎረቤት ይብሳል። ጎረቤት ቢያንስ በርበሬ ይቀነጥሳል። እኔ ጠዋት ከሥራ በኋላና ማታ ብቻ እመልሳለሁ፤ በቴሌብር የገባውንም ማታ በደብተር አሰፍራለሁ። የቤቱ ወጥ የሚሠራበት ሽሮም ከሚሸጠው ላይ ከተነሳ ይጻፍ፣ አለዚያ ወሩን ሙሉ ለፍተሽ ትርፉ የት እንደገባ አታውቂውም።

ትእዛዙ የሚከመርብሽ ደግሞ ለሁሉም «ነገ» ስለምትይ ይመስለኛል። የመላኪያ ቀን ይኑርሽ። እኔ ለኮምቦልቻና ለደሴ ሰኞ፣ ለአዲስ አበባ ሐሙስ ነው የምልከው። የአዲስ አበባው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ይነሳል፤ ስለዚህ ረቡዕ ማታ ያልታሸገ ነገር ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። ደንበኛ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ሲለምደው ግን ራሱ ማክሰኞ ላይ ደውሎ «አልቆ እንዳይሆን» ይልሻል። ስንት ኪሎ በሳምንት እንደምታወጪ ብትጽፊልኝ ቀኖቹን አብረን እናደላድላቸዋለን።