የወይን ቅምሻ ጉዞ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ ቅዳሜና እሁድን ወይን በሚመረትበት አካባቢ እየዞሩ እየቀመሱ ስለማሳለፍ። እንዲህ ያለውን ጉዞ በጣም ስለምወደው ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ለሁለት ቀን ዘጠኝ ቦታ መርጠናል። ይበዛ ይሆን?

መልስ፦ በጣም ይበዛል። በቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ይበቃችኋል። አንድ ቅምሻ በወጉ ከተደረገ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ጉብኝት ከተጨመረበት ደግሞ ይረዝማል። መንገድ አለ፣ ምሳ አለ። ከሁሉም በላይ ግን ምላስ ይደክማል። የቀይ ወይን ታኒን (ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚመጣ ንጥረ ነገር) አፍን ያደርቃል፤ እየተደራረበ ሲሄድ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆንባችኋል። አራተኛው ቦታ ላይ የምትከፍሉት በደንብ ላልቀመሳችሁት ወይን ነው።

ስትመርጡ ከዝና በፊት ካርታ እዩ። ቅዳሜ አንዱን ሰፈር፣ እሁድ ሌላውን ያዙ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለውን ናፓ ሸለቆ እንውሰድ። ሸለቆውን ተከትለው ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መንገዶች አሉ፦ አውራ ጎዳና 29 እና ሲልቬራዶ ትሬይል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ የዋለ ሰው ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቅበታል። አንድ ስመ ጥር አምራችና አንድ ትንሽ የቤተሰብ እርሻ በአንድ ቀን ብታዩ ደግሞ ልዩነቱን ራሳችሁ ታጣጥሙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ዝም ብሎ መሄድ ይቻላል ወይስ ቀጠሮ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ቀድማችሁ ደውሉ። በናፓ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ደንብ ከዚያ ወዲህ የተከፈቱ አምራቾች በቀጠሮ ብቻ እንዲያስቀምሱ ያዛል። በፈረንሳዩ የወይን አካባቢ በቦርዶም ብዙዎቹ ያለ ቀጠሮ አያስገቡም፤ እሁድ የሚዘጉም አሉ። ስትደውሉ ክፍያውን ጠይቁ፣ ጠርሙስ ከገዛችሁ ክፍያው ይነሳላችሁ እንደሆነም ጠይቁ። ከተቻለ የጠዋቱን ሰዓት ያዙ። ሰው አይበዛም፣ አስቀማሹም ረጋ ብሎ ያወራችኋል።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን። የምንቀምሰው ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ከመካከላችን አንዱ ቢነዳ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የቀመሰ ሰው አይንዳ። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ቦታ አምስት ዓይነት ወይን ቀረበላችሁ እንበል። እያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን 250 ሚሊ ሊትር መጣ፤ ይህ የአንድ ጠርሙስ ሲሶ ነው። ሦስት ቦታ ስትዞሩ እያንዳንዳችሁ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ጨረሳችሁ ማለት ነው። ሰውነት ደግሞ አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ጊዜ ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፋጥነውም።

ለአራት ተካፍላችሁ ሹፌር ያለው መኪና ተከራዩ። ያ ካልሆነ ቅዳሜ አንዱ፣ እሁድ ሌላው ሳይቀምስ ይንዳ። ለነዳው ሰው የወደዳችሁትን ወይን አንድ ጠርሙስ ግዙለት፣ ይገባዋል። የምትቀምሱትም ብትሆኑ በደንብ በልታችሁ ውጡ፣ ውሃ በየመሃሉ ጠጡ። መትፊያ ዕቃውንም አትፍሩት። ባለሙያዎች ሁሉ ይተፋሉ፣ የሚቀየምም የለም። ነገር ግን መትፋትም ቢሆን አልኮሉን ጨርሶ አያስቀርም፤ ስለዚህ ለሹፌሩ መፍትሔ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ስለ ወይን ምንም አላውቅም። እዚያ ሄጄ እንዳላፍር ፈርቻለሁ። (አንዲት አንባቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቅምሻ የተዘጋጀው ለማያውቅ ሰው ጭምር ነው። ብርጭቆውን እግሩ ላይ ያዢና ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጊው። ጠርዙን እዪው። ያልቆየ ቀይ ወይን ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ እየቆየ ሲሄድ ወደ ሸክላ ቀለም ይቀየራል። ከዚያ ብርጭቆውን አዙሪው፣ አሽትቺው፣ ጥቂት ተጎንጭተሽ አፍሽ ውስጥ ትንሽ አቆዪው። አፍሽ ምራቅ ከሞላ አሲዱ ነው። ድድሽ ደረቅ ደረቅ ካለ ታኒኑ ነው። ለመጀመሪያ ቀን እነዚህን ሁለቱን መለየት በቂ ነው።

ያልጣመሽን «አልጣመኝም» በይ፤ አስቀማሹ ሌላ ይመርጥልሻል። በርሜል ቤት ካስገቡሽ ወይኑ እዚያ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ በርሜሉ አዲስ ይሁን ያገለገለ ጠይቂ፤ ጣዕሙን ይለውጠዋል። የተለመደው የቦርዶ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፤ ያ ማለት 300 ጠርሙስ ነው።

ጥያቄ፦ ሽቶ መቀባት ነውር ነው የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ወይን ግማሹ ሽታ ነው፤ የአጠገብዎን ሰው ቅምሻ ያበላሹበታል። ለዚያ ቀን ይተዉት።

ጥያቄ፦ በመከር ወቅት ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ መከሩ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ባመዛኙ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንዳለው ስቴለንቦሽ ባሉ የደቡቡ ንፍቀ ክበብ አካባቢዎች ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ያኔ ግቢው ሁሉ የሚፈላ ወይን ይሸታል፣ ደስ ይላል። ግን ሠራተኛው ፋታ የለውም፣ ማደሪያም ይወደዳል። እኔ ከመከሩ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ መሄድን እመርጣለሁ። ዘለላው ቀለም ይዞ ግንዱ ላይ ታዩታላችሁ፣ የሚያዋራችሁ ሰውም አታጡም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ጉዞውን እንሰርዘው?

መልስ፦ አትሰርዙት፣ እሷ ግን አትቅመስ። እርሻውን መጎብኘት ብቻውን ያስደስታል። ስትደውል አልኮል የሌለው መጠጥ እንዳላቸው ጠይቅላት።

ጥያቄ፦ የገዛነውን ወይን እንዴት አድርገን ነው የምንወስደው?

መልስ፦ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ሙቀት ወይን ያበላሻል፣ ቡሹንም ሊገፋው ይችላል። በረዶ መያዣ ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ። በአውሮፕላን ከሆነ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በአብዛኛው ስለማይፈቀድ፣ ጠርሙሱን በልብስ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ መሃል አስገቡት። ብዙ ከገዛችሁ አምራቹ ቤት ድረስ ይልክ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።